ሁለት ሱቅ፣ ሁለት አቆጣጠር

መርካቶ ውስጥ የነጋዴን አገር ማወቅ የሚሻ ሰው ስሙን አይጠይቅም፤ ሲቆጥር ቆሞ ያዳምጣል። ደንበኛውን በአማርኛ ያባበለ፣ ደላላውን በአማርኛ የተቆጣ፣ ስልኩንም በአማርኛ ያናገረ ሰው ዕቃ መቁጠር ሲጀምር ከንፈሩ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ጣቱ ይንቀሳቀሳል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ቋንቋ ልጅ ሳለ ከብት የቆጠረበት ነው።

አንድ ማለዳ የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ ሸማ ተራ ሄጄ በሁለት ሱቆች መካከል ቆምኩ። ሱቆቹን የሚለያቸው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው። በቀኝ ያሉት ሽማግሌ የቸሃ ሰው ናቸው፤ ኩሊው ከጋሪ የሚያወርደውን ጣቃ በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ «አት፣ ኈት፣ ሶስት፣ አርበት» ይላሉ። በግራ ያለው ጎልማሳ ስልጤ ነው፤ በደርዘን የታሰረ ካልሲ እየደረደረ «አድ፣ ሆሽት፣ ሼሽት» ይላል። እኔ መሀል ላይ ቆሜ በልቤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አልኩ። ሦስታችንም ያው ሦስት ላይ ደረስን፤ የመጣንበት መንገድ ግን ይለያያል።

«ጋሼ፣ ጎረቤትዎ ሲያወራ ይገባዎታል?» አልኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት አብረን ስንሸጥ!»

«ቋንቋውን ማለቴ ነው።»

ጣቃውን ገፋ አድርገው አሰቡ። «የሸቀጥ የሸቀጡን እሰማለሁ። ሲቆጣ ግን አልሰማም፤ ሲቆጣ ይፈጥናል።»

የቋንቋ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ሲመላለሱበት የኖሩት ጥያቄ ይኸው ነው። ጉራጊኛ የምንለው አንድ ቋንቋ ነው ወይስ ብዙ? ስልጢኛስ ከውስጡ ነው ከውጭው? በዚህ ላይ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ገሚሱ በፈረንሳይኛ፣ ገሚሱ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ስለሆነ መርካቶ አልደረሰም። እኔ ያገኘሁትን ያህል አንብቤ፣ ያነበብኩትን ከሰማሁት ጋር ላስተያየው ነው።

መጀመሪያ መለኪያ ያስፈልገናል። ከሩቁ ጫፍ እንነሳ። ቤልግሬድ ውስጥ የሚነገረው ሰርብኛና በሲንድ ምድር፣ በካራቺ አካባቢ የሚነገረው ሲንድኛ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ከኢንዶ-አውሮፓ ግንድ የወጡ ናቸው። ሰርቡ ሁለትን «ድቫ»፣ ሦስትን «ትሪ» ሲል ሲንዱ «ባ»፣ «ቴ» ይላል፤ ያውም የ«ባ»ን «ብ» አየር ወደ ውስጥ ስቦ ነው የሚጠራት። ሊቃውንቱ ሥሩ አንድ መሆኑን ያሳዩናል፤ ሰርቡና ሲንዱ ግን አንድ ወንበር ላይ ቢቀመጡ ጨው አቀብለኝ እንኳ አይባባሉም። ይህ በወረቀት ብቻ የሚታይ ዝምድና ነው።

ወደ ቅርቡ ጫፍ ስንመጣ ያው ሰርብኛ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ሰርቡ፣ ክሮአቱ፣ ቦስኒያዊውና ሞንቴኔግሮአዊው ያለ አስተርጓሚ ተጨዋውተው፣ ተሳስቀው፣ ተሰዳድበውም ይለያያሉ፤ ዩጎዝላቪያ ከፈረሰች በኋላ ግን ንግግራቸው አራት የመንግሥት ስም አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከአራቱም አገሮች የተውጣጡ ጸሐፍትና ምሁራን «የምንናገረው የጋራ ቋንቋ ነው» የሚል መግለጫ አውጥተው ትልቅ ጭቅጭቅ አስነሡ። እንግዲህ እዚያ አንድ ንግግር አራት ስም አለው። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል፤ አንዱ ስም «ጉራጊኛ» ነው፣ ከሥሩ ያለው ንግግር ግን ብዙ ነው።

ምን ያህል ብዙ? ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ቅጽ ያሳተመው የጉራጊኛ ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት አሥራ ሁለት ንግግሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፦ ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር፣ እንደጋኝ፣ ጌቶ፣ ሙህር፣ መስቃን፣ ጎጎት፣ ሶዶ ወይም ክስታንኛ፣ ስልጢኛ፣ ወለኔና ዛይ። ዛይ የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ቋንቋ ነው፤ ከወልቂጤ ገበያ ጋር የሚያገናኘው ጀልባ የለም። ሌስላው ግን ሁሉንም «ጉራጌ» ባለው አንድ ጆንያ ከተታቸው፤ ጆንያው የመልክዓ ምድር እንጂ የዘር ሐረግ እንዳልሆነ እያወቀ። በእሱ ሥራ ላይ ሰው ሁሉ ተደግፏል፣ እኔም ተደግፌአለሁ። ከእሱ በፊት ማርሴል ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1931 ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ባሳተመው ጥናት መንገዱን ጠርጎለት ነበር፤ ፖሎትስኪ ደግሞ በ1951 ስለ ጉራጊኛ ሰዋስው ባወጣት አነስተኛ ሥራ የቸሃን ግስ ውስጣዊ አሠራር ገለጠ።

ጆንያውን የፈታው ሮበርት ሄትዝሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች አመዳደብ፣ ከዚያም በ1977 በጉራጊኛ ላይ ባተኮረው መጽሐፉ፣ «ጉራጌ» የሚባል አንድ የቋንቋ ቤተሰብ የለም አለ። በእሱ አከፋፈል የደቡቡ ክንፍ ሁለት ነው። አንደኛውን አግድም ልንለው እንችላለን፤ አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ሐረሪ፣ ስልጢኛ፣ ወለኔና ዛይ እዚህ ናቸው። ሁለተኛው ውጭኛው ነው፤ ቸሃና ወንድሞቹ፣ መስቃን፣ ሙህር፣ ክስታንኛ፣ በጎጃም የጠፋው ጋፋትኛም ጭምር እዚያ ናቸው። ነገሩን ወደ ሸማ ተራ ብናመጣው፣ ካልሲ የሚደረድረው ጎልማሳ ቋንቋው በኮምፔንሳቶ ማዶ ካሉት ሽማግሌ ይልቅ ለሐረር ሰው፣ እንዲያውም ለእኔ ለአማርኛ ተናጋሪው ይቀርባል ማለት ነው። ሽማግሌው ደግሞ ከዓባይ ማዶ ለጠፋው ለጋፋት ይቀርባሉ።

ሄትዝሮን እዚህ የደረሰው ቃላት ቆጥሮ አይደለም። ቃል ሸቀጥ ነው፤ ሲያልቅብህ ከጎረቤት ሱቅ ትዋሳለህ፣ ደንበኛው ከማን እንደመጣ አያውቅም። የግስ አሠራር ግን የሱቁ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ማንም አይዋስም። ስለዚህ ሰውየው ግድግዳዎቹን ነው ያየው። እኛም እንይ።

የቸሃ ሰው «ከፈተ» ለማለት «ከፈተም» ይላል። ይህች መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ም» ያለፈ ነገርን በአዎንታ ስትናገር የምትለጠፍ ናት፤ መጣ ለማለት «ቸነም»፣ በላ ለማለት «በናም»። አሉታ ሲሆን «ም» ትወድቅና ከፊት «አን» ይገባል፦ «አንከፈተ»፣ አልከፈተም። አሁን አማርኛችንን ከጎኑ አስቀምጡት። እኛ በአዎንታ «ከፈተ» ብለን በአሉታ «አልከፈተም» እንላለን። ያቺው «ም» እነሱ ዘንድ አዎ ስትል እኛ ዘንድ አይደለም ትላለች። አማርኛ ብቻ የለመደ ጆሮ «ሱቁን ከፈተም» ሲባል ወይ «ደግሞ ከፈተ» ብሎ ይሰማል፣ ወይ «አል» ያመለጠችው ይመስለዋል። ከቃላት ልዩነት ይልቅ እንዲህ ያለችው አንዲት ፊደል ነገር ታበላሻለች።

«በላ» እንዴት «በና» ሆነ? ይህ የቸሃ ጥሩ ቀልድ ነው። እኛ «ል» የምንለውን እነሱ አንዴ «ን»፣ አንዴ «ር» ያደርጉታል፤ ባለፈው ጊዜ «በና»፣ በሚመጣውና በአሁኑ «ይበራ»። በአማርኛ «ይበራ» መብራት ነው፤ ሽማግሌው ልጃቸው ምሳውን «ይበራ» ቢሉ አምፖል አንፈልግ። መጥበቅም እንደዚሁ ነው። አማርኛ «ሰበረ» ሲል «በ»ን ያጠብቃል፤ እዣም ያጠብቃል። ከእዣ ጋር በአንድ አጥር የሚኖረው ቸሃ ግን መጥበቅን ትቶ «በ»ን ወደ «ፐ» ለወጠው፤ «ሰፐረም» ይላል። ሁለቱ መንደሮች በጠራ ቀን ቢተያዩም ጆሮ የሚያውቀው ወሰን አላቸው።

ሊቃውንቱን በጣም ያስደነቀው ግን ከንፈር ማሞጥሞጥ ነው። አማርኛ «ነከሰ» ብሎ «እሱን» ለማለት መጨረሻ ላይ «ው» ይለጥፋል፤ ነከሰው። ቸሃ በመጨረሻ በሚቀጥለው አይረካም፤ ወደ ግሱ ሆድ ይገባና ሊሞጠሞጥ የሚችለውን ፊደል ፈልጎ ያሞጠሙጠዋል። የ«ነከሰ» ግንድ «ነኰሰ» ይሆናል። ጆን ማካርቲ የሚባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1983 በቸሃ ግስ ተነባቢዎች ላይ የጻፈው ጽሑፍ ይህን ነገር በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠና ምሳሌ አደረገው። ቸሃን በሕይወቱ ሰምቶ የማያውቅ የማሳቹሴትስ ተማሪ «ነኰሰ»ን በፈተና ሲጠየቅ፣ እምድብር ተወልዶ መርካቶ ያደገ ልጅ ላያውቀው ይችላል። በዚህ እስቃለሁ፤ ሳቄ ግን ሙሉ አይደለም።

የስልጢኛው ግድግዳ ሌላ ድንጋይ ነው። ቤት በአማርኛም በቸሃም «ቤት» ነው፤ በስልጢኛ «ጋር» ነው፣ «ጋ» ረዘም ተደርጎ። ሐረር ሂዱ፣ የሐረሪ ሰውም ቤቱን «ጋር» ይለዋል። በመካከላቸው አርሲና ጨርጨር፣ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር አለ። አማርኛችን «እኔ ጋር ና» ሲል ስልጤው ጆሮ ውስጥ ቤት ብቅ ሳይል አይቀርም። ቁጥሩም እንዲሁ ነው፦ የስልጢኛው «ሼሽት» ከሐረሪው «ሺእሽቲ» ጋር ሲሄድ የቸሃው «ሶስት» ከአማርኛው ጋር ነው። «ሁለት» ላይ ደግሞ ሁሉም ይገናኛሉ፤ ግዕዙ ክልኤቱ፣ ትግርኛው ክልተ፣ ሐረሪው ኮኦት፣ ክስታንኛው ኪት፣ ቸሃው ኈት፣ አማርኛው ሁለት። «ከ»ዋ ቀስ በቀስ ወደ ጉሮሮ ወርዳ «ኀ» ሆና፣ «ለ»ዋ አንዳንዱ ቤት ጠፍታ፣ አንዱን ቃል ስድስት አድርጋዋለች። ስልጢኛ አናባቢዎቹን አጭርና ረጅም እያለ አምስት አምስት ይከፍላል፤ አሥር መሆናቸው ነው። ለአማርኛ ሰባቱ ይበቁታል። ይህ የማርዘም ልማድ ከጎረቤቱ ከሐድይኛ ዓይነት ኩሻዊ ቋንቋዎች ጋር ለዘመናት አብሮ ከመኖር ጋር ይያያዛል።

ስልጤዎች ራሳቸው የሚተርኩት ከዚህ ጋር ይገጥማል። አባቶቻቸው ከሐረር በኩል፣ ከሐጂ አልዬ ጋር መጡ ይላሉ። ቋንቋው ወደ ሐረር ጣቱን ስለሚቀስር ትረካውን አያሳፍረውም። የታሪክ ሰዎች ደግሞ ሰዎች ከመጓዛቸው በላይ ቋንቋው በአንድ ወቅት ከሐረር እስከ ዝዋይ ያለ መቋረጥ ተዘርግቶ ነበር፣ የኦሮሞ መስፋፋት በ16ኛው ክፍለ ዘመን መሀሉን ሲይዝ ሁለት ጫፍ ቀረ ይላሉ። ለእኔ ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ሚዛን ይደፋል፤ የዛይ ደሴቶችን የሚያስረዳው እሱ ነውና። ስለ «ጉራጌ» ስም የሚነገረው ሌላው ትረካ ግን እንዲህ አይታደልም። ከአከለ ጉዛይ፣ ከጉራዕ የመጣ ጦር በአዝማች ስብሐት መሪነት እዚህ ሰፈረ፣ «ጉራዕ-ጌ» ተባለ ይላል። ጦር መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ቋንቋው ግን ትግርኛን አይመስልም። ቸሃንም ክስታንኛንም ብትፈትሹ ከሰሜኑ ክንፍ የሚያስቆጥር ግድግዳ አታገኙም።

በሄትዝሮን ሁሉም አልተስማማም። ግርማ አውግቸው ደመቀ እ.ኤ.አ. በ2001 የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎችን አመዳደብ እንደገና መርምሯል፤ ግሮቨር ሃድሰን ደግሞ ቃላትን በብዛት እያነጻጸረ በ2013 ጥቅል መጽሐፍ አውጥቷል። የክርክሩ እምብርት ቀላል ነው፤ እነዚህ ቋንቋዎች በአንድ ገበያ፣ በአንድ ማኅበር፣ በጋብቻም ተቀላቅለው ስለኖሩ ከእናት የወረሱትን ከጎረቤት ከተዋሱት መለየት ያስቸግራል። እኔ ሄትዝሮን በዋናው ነገር ልክ ነበር ባይ ነኝ። በዝርዝሩ ግን የዘር ሐረግ ዛፍ መርካቶን የመሰለ ቦታ ለመግለጽ እንደማይመች ይሰማኛል፤ ዛፍ ቅርንጫፉ ተመልሶ ከሌላ ቅርንጫፍ ጋር አይገጥምም፣ ሰው ግን ይጋባል።

ዘመድ መሆንና መግባባት ደግሞ ሁለት ነገር ነው። ሽማግሌው «የሸቀጥ የሸቀጡን» ያሉት ይህን ነው። ስልጢኛን ከብዙ ሰው ቀድሞ የጻፈው ኧርንስት-አውጉስት ጉት እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ በጉራጌ ንግግሮች መካከል ማን ማንን እንደሚሰማ መርምሮ አወጣ፤ ያደረገው አንድ ትልቅ ቁም ነገር በተፈጥሮ የሚገባውን በመለማመድ ከሚገባው መለየቱ ነው። ሠላሳ ዓመት አጠገቡ የሸጠ ሰው የጎረቤቱን ቋንቋ ቢሰማ፣ ምክንያቱ የቋንቋው ቅርበት ሳይሆን የኮምፔንሳቶው ስስነት ሊሆን ይችላል። ከእሱ ወዲህ ፈቀደ መኑታ የጉራጌዎችን እርስ በርስ መግባባትና መቀራረብ በሰፊው አጠና፤ ተካበ ለገሰ ፈለቀና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2020 በእነዚህ ቋንቋዎች መካከል ያለውን ርቀት ከድምፅ፣ ከቃላትና ከመግባባት አንጻር ለክተው አሳተሙ። የሽማግሌው «ሲቆጣ አልሰማም» ከነዚህ ሁሉ መለኪያዎች መካከል ቢጨመር ደስ ይለኝ ነበር። የተቆጣ ሰው ለሰሚው አያዝንም፤ ቋንቋው ራቁቱን የሚወጣው ያኔ ነው።

የሐሰት ወዳጆችም አሉ። «አይብ» አማርኛ ውስጥ ከክትፎ ጎን የሚቀርበው ነው። ቃሉ የመጣው ከግዕዝ «ሐሊብ» ነው፤ ትርጉሙ ወተት። በጉራጌዎቹ ንግግሮች ውስጥ ያው ቃል፣ አንዱ ቤት «አይብ» ሌላው ቤት «ኤብ» እየተባለ፣ የጥንት ትርጉሙን ይዞ ወተት እንደሆነ ቀርቷል። እኛ ክትፎውን ከእነሱ ወስደን አብሮ የሚበላውን በእነሱ የወተት ስም ጠርተነዋል። ውሃም እንደዚሁ ሁለት ጎራ ነው፤ የቸሃው «እኻ» ለአማርኛው «ውሃ» ሲያደላ የሐረሪው «ሚይ» ከትግርኛው «ማይ» ጋር ይሄዳል። እንዲህ ያለው ነገር የዛፉን ሥዕል ለሚወድ ሰው ራስ ምታት ነው።

ፖለቲካው ራሱን የቻለ ታሪክ አለው፤ ባጭሩ አልፈዋለሁ። በ1993 ዓ.ም. የስልጤ ሕዝብ ጉራጌ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ብሔረሰብ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ድምፅ ሰጪው በብዛት ራሱን የቻለ ነኝ አለ፣ ስልጤም የራሱን ዞን አገኘ። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋምም የአካባቢው አከፋፈል እንደገና ተነካክቷል። ድምፅ የሰጠ ሰው ሄትዝሮንን አንብቦ አልነበረም፤ ማንነት በሰዋስው መጽሐፍ አይወሰንም፣ መወሰንም የለበትም። ቢሆንም ሁለቱ መልሶች መገጣጠማቸው ያስገርማል። ቸሃና ወንድሞቹ የሚጠሩበት «ሰባት ቤት» የሚለው ስም ራሱ ቢሆን የቋንቋ ስም አይደለም፤ የጆካ ሸንጎ የሚዳኛቸው ቤቶች ኅብረት ስም ነው። ቋንቋውን በኅብረቱ ስም የጠራነው ሌላ አማካይ ስም ስላልነበረ ነው።

መጻፍ ላይ ሁለቱ ጎረቤታሞች የተለያየ ዕድል ገጠማቸው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ስልጢኛ ከተመረጡት አንዱ ነበር፤ የሰባት ቤት ጉራጊኛ አልነበረም። የስልጢኛ-አማርኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም በኤቫ ጉትና በሁሴን መሐመድ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1997 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጣ። ቸሃ በበኩሉ ልብ ወለድ ቀድሞ አገኘ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የአገሩን መንደር ታሪክ በቸሃ ጽፎ፣ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ታተመ። የቸሃው ጸሐፊ ተነባቢዎቹን በግዕዝ ፊደል ሲያሰፍር ይቸግረዋል፤ የሚሞጠሞጡትን «ቧ»፣ «ሟ»፣ «ፏ» በየአናባቢው መጻፍ፣ ምላስ ከፍ ብላ የምትጠራቸውን «ክ»፣ «ግ»፣ «ቅ» ለይቶ ማሳየት አለበት። እነዚህ ፊደሎች በዩኒኮድ የገቡት በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። በኋላ የጉራጌዎቹ ንግግሮች ሊጋሩት በተዘጋጀው አዲስ አጻጻፍ ምክንያት በ2021 እ.ኤ.አ. ሌሎች 28 ፊደሎች ተጨመሩ። ሲንድኛ አብዛኛው ሕዝቡ በ52 የዓረብ ፊደል፣ በህንድ ያለው ጥቂቱ ደግሞ በደቫናጋሪም ሲጽፍ፣ ሰርብኛም በሲሪሊክና በላቲን ሁለቱንም ሲጽፍ ይኖራል። ጉራጊኛ ቢያንስ በፊደል ላይ አልተጣላም፤ ስልጢኛም ያንኑ ግዕዝ ይጠቀማል። ችግሩ ፊደሉ ስልክ ላይ መጫኑ ነው፤ በእጅ ስልኩ የሚጽፈው ወጣት ባገኘው «ኮ» እና «ጎ» ያልፈዋል።

ስለዚህ ሁሉ መርካቶ ምን ይላል? ገበያው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአራዳው ገበያ ለ«ተወላጆች» ወደ ምዕራብ ሲገፋ የተወለደ ነው። ስሙ ጣልያንኛ ሆኖ ቀረ። ጎማና ባንኮኒም ከዚያው ወገን ናቸው። የየመን ዓረቦች ደግሞ ሱቅ፣ ደላላ፣ ሂሳብ፣ ጅምላ፣ ፈረሱላ የሚሉትን የንግድ ቃላት ከነሥርዓቱ አስለመዱን። ጉራጌውና ስልጤው ይህን ሁሉ ተቀብሎ በአማርኛ ሸጠ። ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1949 የኢትዮጵያ ነጋዴዎችን ምስጢራዊ አነጋገር የሚመለከት ጽሑፍ አውጥቷል፤ ደንበኛ እንዳይሰማ ቃሉን እየገለባበጡ የሚያወሩበት ነው። እናቱ ሌላ ቋንቋ ላስተማረችው ነጋዴ ግን ይህ ልፋት አያስፈልግም። አንድ ወቅት ሁለት ወንድማማቾች ዋጋ እንዲቀንሱልኝ ስጨቀጭቃቸው ፊት ለፊቴ ቆመው ተማከሩ፤ «ኈት» የምትለዋን ብቻ ሰማሁ። ሁለት መቶ ብር ቀነሱልኝ። ቸሃ በማወቅ ያተረፍኩት እስከ ዛሬ እሱን ብቻ ነው።

ሮበርት ኩፐርና ሱዛን ካርፐንተር እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ገበያዎች የቋንቋ አጠቃቀም ላይ ያወጡት ጥናት ገበያ ሁሉንም የሚገዛ አንድ ቋንቋ ይፈጥራል የሚለውን ግምት አላረጋገጠም፤ ሻጭና ገዢ አንዱ ወደ ሌላው ሲጠጋ ነው ያየው። በመርካቶ ይህ ዛሬም እውነት ነው፤ አማርኛ ግን ከዚያን ጊዜ የበለጠ ሰፍቷል። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ይህን በቁጥር ያስቀምጠዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከተቆጠረው 2.7 ሚሊዮን ሕዝብ 16.3 ከመቶው ጉራጌ ነኝ ሲል፣ አፌን የፈታሁት በጉራጊኛ ነው ያለው 8.4 ከመቶ ብቻ ነበር። ስልጤ ነኝ ያለው 2.9 ከመቶ ሆኖ ስልጢኛን አፍ መፍቻዬ ያለው 1.8 ከመቶ ነው። ጉራጌው ግማሽ ያህሉን፣ ስልጤው ከሦስት ሁለት እጅ ትንሽ ያነሰውን ይዟል። ከቆጠራው ወዲህ ያደጉት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ቡታጅራ ወይም ወራቤ ለበዓል ሲወርዱ ከአያታቸው ጋር በፈገግታ ይነጋገራሉ።

ጋፋትኛ በዚህ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ከዓባይ ማዶ ይነገር የነበረው ይህ ቋንቋ ከክስታንኛ ጋር ሥጋ ነው። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስጽፎ ይዞ ሄደ፤ ሌስላው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲደርስ የቀሩት ጥቂት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ከእነሱ የሰበሰበውን በ1956 አሳተመ። ጋፋቶቹ የትም አልሄዱም፤ ልጆቻቸው ጎጃም ውስጥ አማርኛ እየተናገሩ አሉ።

ወደ ሸማ ተራ ልመለስ። ከሽማግሌው ጋር እያወራሁ አንዲት ሴት ገብታ ጨርቁን ዳበሰችና በኦሮምኛ «ሜቃ?» አለች። እሳቸውም ወደ እኔ ዞር ሳይሉ በኦሮምኛ ዋጋ ነገሯት፤ ተከራከሩ፣ ተስማሙ፣ ስድስት ሜትር ቆረጡላት። ከዚያም ብሩን በቸሃ ቆጠሩት።

የእኔን ጨርቅ ሲጠቀልሉ ኮምፔንሳቶውን ተሻግሬ የካልሲውን ባለቤት ጠየቅኩት። «አንተስ ወንድሜ፣ ጋሼ በቋንቋቸው ሲቆጡ ይገባሃል?»

«ጋሼ?» አለ ሳቀና። «እኔን ሲቆጡማ በአማርኛ ነው። እንዲገባኝ።»